ከባንክ መስኮት ወደ ኮፈን ሥር

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። 32 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ባንክ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ሥራዬ መጥፎ አይደለም፣ ግን ጠዋት ስነሳ እግሬ አይሄድልኝም። ደስ የሚለኝ ቅዳሜ ከሰዓት የአጎቴን ዲኤክስ ኮፈን ከፍቼ ስጎረጉር ነው። ካንዴላ ቀይሬለታለሁ፣ የፍሬን ሸራ ቀይሬለታለሁ፣ ባለፈው ደግሞ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርጄ ጠግኜ መለስኩት፣ እስካሁን ይሠራል። ሐሳቤ ባንኩን ትቼ ከመኪና አስመጪዎች በአንዱ ሰርቪስ ክፍል ቴክኒሺያን ሆኜ መቀጠር ነው። የሰፈር ጋራዥ አይደለም የምለው፣ የኩባንያውን ነው። ባለቤቴ «ከልብህ ከሆነ እሺ» ብላለች። እናቴ ግን «ክራባት አስሮ የሚውል ልጄ ብረት ቀጥቃጭ ሊሆን ነው» ብላ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። ዕድሜዬ አልፏል? ከየት ልጀምር? ወይስ አርፌ ብሬን ልቁጠር?

መልስ

ወንድሜ፣ ዕድሜህ አላለፈም። ይሄን ቶሎ ብዬህ ልገላገል። እኔ የኩባንያ ጋራዥ ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ስሠራ ካየኋቸው ጎበዞች አንዱ ወደ ሙያው የገባው ዐሥር ዓመት አስተምሮ ነው። እሱን ከሌሎቻችን የለየው ምን መሰለህ? ማንበብ ይወድ ነበር። ቀልድ አይደለም፣ እመለስበታለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት፤ የጻፍከው ሁሉ መቀየር ነው። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሸራ ቀየርኩ። ሞተሪኖውን አውርደህ ጠገንክ እሺ፣ ግን ጥፋቱ የሞተሪኖው መሆኑን በምን አወቅህ? ባትሪው ደክሞ ቢሆንስ ኖሮ? የባትሪው ገመድ ጫፉ ዝጎ ቢሆንስ? ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የኔጌቲቭ ገመድ ላልቶ ቢሆንስ? ምናልባት ሁሉንም ፈትሸህ ይሆናል፣ ግን አልነገርከኝም። የኩባንያ ጋራዥ ደመወዝ የሚከፍልህ ጥፋቱን በምን እንዳወቅህ እንድትነግረው ነው። ብሎን መፍታትና መግጠም እጅ ያለው ሁሉ ይለምደዋል። ከመፍታትህ በፊት «ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ ለክቼ እንዲህ አገኘሁ» ማለት ግን ሌላ ሥራ ነው።

የራሴን ጥፋት ልንገርህ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ ፒካፑን ይዞ መጣ። «ዓባይን ስወጣ ይፈላብኛል» አለ። ማርቆስ ከተማ ውስጥ አይፈላም። እስከ ደጀን ሰላም ነው። ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሃ ጽዮን መውጣት ሲጀምር ግን የሙቀቱ ቀስት ቀስ እያለ ይነሳል፣ ከዚያ ሹሽሽ፣ ኮፈኑ በእንፋሎት ይሸፈናል። እኔ ምን አደረግሁ? «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» ብዬ ወሰንኩ፣ በሞተሩና በላይኛው ክፍሉ በቴስታታው መሃል ያለው ማሸጊያ ማለት ነው። ማን ነገረኝ? ማንም። ባለፈው ወር አንድ መኪና እንደዚያ ሆኖ ስለነበር ብቻ ነው። ሁለት ቀን ተኩል ፈታሁ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ተስተካክሎ መጣ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ፣ ገጠምኩ፣ ደንበኛው ብዙ ብር ከፍሎ አመስግኖኝ ሄደ። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። ሰውዬው ከጎሃ ጽዮን በታች መንገድ ዳር ቆሟል። ፈልቷል።

መኪናው ተመልሶ ሲመጣ የክፍሉ ኃላፊ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ዝም ብለው መጡ። ሞተሩ እስኪበርድ ሻያቸውን ጠጡ። ከዚያ የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱና ገልብጠው ስፕሪንጉን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። እንደ ጨርቅ ገባ። ዙሪያው ያለው ጎማ ተሰነጣጥቋል። ክዳኑን ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝና «ይሄን ቤትህ ስቀለው» አሉኝ። አዲስ ክዳን ገባ። ያ መኪና ከዚያ በኋላ ፈልቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የምንለው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እዚያ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። የማቀዝቀዣውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው የብዙ መኪና ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ማለትም በመደበኛው የሞተር ሙቀትና በመፍላት መካከል የቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ይሄን ክፍተት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው። በሩን ዘግቶ ውስጡን በግፊት ይወጥረዋል፣ እንደ ፕሬዠር ድስት፣ ያኔ መፍያው ከ115 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ የለም፣ መኪናው ክፍት ድስት ይዞ ነው የሚሄደው። ሜዳ ላይ ሞተሩ ስለማይጨነቅ አይታወቅም። ከሸለቆው ወለል ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ በከባድ ማርሽ ሲወጣ ግን ጉዱ ይወጣል። እኔ ደግሞ ክዳኑን በእጅ ፓምፕ ወጥሬ «ግፊት ይይዛል ወይ?» ብዬ ብፈትሽ ኖሮ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ነበር የሚፈጀው። ሰውዬው «ስወጣ» ብሎ ነግሮኛል እኮ። አልሰማሁትም።

ጎጃም ተወልደህ ሰምና ወርቅ ምን እንደሆነ አታጣውም። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካህ እንበል፣ ፒ0171 የሚል የጥፋት ኮድ ጻፈልህ። ትርጉሙ «ነዳጁ ከአየሩ አንሷል» ነው። ያ ሰሙ ነው። ወርቁ የተቀደደ የአየር ቱቦ ሊሆን ይችላል፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ሊሆን ይችላል፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ወይም የታፈነ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። ኮዱን አይቶ ኦክስጅን ሴንሰር ገዝቶ የሚቀይር ሰው ሰሙን ብቻ ይዞ «ቅኔውን ፈታሁ» እንደሚል ተማሪ ነው። እንዲህ ያለው ሞልቷል፣ አንዳንዱም ዩኒፎርም ለብሷል።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደስ የሚልህ የቱ ነው? እጅህ ዘይት መንካቱ ነው ወይስ ምክንያቱን እስክታገኝ ዕንቅልፍ ማጣቱ? ሁለተኛው ከሆነ ቀጥል። የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ ባንክህ ጥሩ ነው፣ ቅዳሜህም ጥሩ ነው፣ አታበላሻቸው።

አሁን ስለ ኩባንያ ጋራዥ፣ ሰው ከውጭ የማያየውን ልንገርህ። ወለሉ ንጹሕ ነው፣ ሊፍት አለ፣ ዩኒፎርም አለ። ይሄን ሁሉም ያያል። የማይታየው ወረቀቱ ነው። መኪና ሲገባ ደንበኛውን የሚያናግረው ተቀባዩ ነው፣ አንተ አይደለህም። አንተ ጋ የሚደርሰው ጆብ ካርድ ነው። እዚያ ላይ «ድምፅ አለው» ተብሎ ይጻፍልሃል። የቱ ጋ? መቼ? ሲበርድ ወይስ ሲሞቅ? አይልም። ተመልሰህ ትጠይቃለህ፣ ተቀባዩ ይቆጣሃል፣ ትለምደዋለህ። ከዚያ ያገኘኸውን፣ የለካኸውን፣ የቀየርከውን ትጽፋለህ። መኪናው ዋስትና ላይ ከሆነ ደግሞ የጻፍከው ነገር ወደ አምራቹ ይሄዳል፣ በደንብ ካልተጻፈ አምራቹ አልከፍልም ሊል ይችላል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ነው። የጎማ ዳዶ እንኳ በግምት አይጠበቅም። ኮሮላና ቪትዝ ላይ 103 ኒውተን ሜትር ይላል፣ በቶርክ ሬንች ነው የምታጠብቀው። ሰፈር ጋራዥ እግር ጭኖ ነው የሚያጠብቀው፣ ከዚያ ጎሚስታው ሊፈታው ሲል ይሰበርበታል። መምህር የነበረውን ጓደኛዬን ያነሳሁት ለዚህ ነው። እኛ መመሪያውን ጨነቀን ስንል ከፍተን ነው የምናየው፣ እሱ ማታ ቤቱ ያነበው ነበር። አንተም ስምንት ዓመት ሰነድ ስታመሳክር፣ ፊርማ ከፊርማ ስታስተያይ ኖረሃል። ይሄ ቀላል ስንቅ አይደለም።

አሰልቺውንም ልንገርህ። የመጀመሪያ ዓመት ሞተር አይሰጥህም። ዘይት ታፈሳለህ፣ ፊልትሮ ትቀይራለህ፣ ጎማ ታዟዙራለህ፣ የ5,000 እና የ10,000 ኪሎ ሜትር ሰርቪስ ብቻ። አለቃህ በዕድሜ ከአንተ በስምንት ዓመት የሚያንስ ልጅ ይሆንና «ያንን አምጣ» ይልሃል። ታመጣለህ። ወገብ ያማል። ያረጀ የፍሬን ሸራ አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፋው፣ በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ አታቆየው። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አትግባ፣ መደገፊያ ሳይገባለት፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ አለቃህ ቢቆጣህም።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አልጠየቅኸኝም፣ ግን ልትሸሸው አትችልም። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ስለዚህ ሾውሩም ውስጥ የሚገባው አዲስ መኪና ካንዴላ የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም፣ የሞተር ዘይትም የለውም። ወዳጆቼ «እንግዲህ መካኒክ ምን ሊበላ ነው?» ይሉኛል። ፍሬን አለው፣ የእግር ክፍል አለው፣ የማቀዝቀዣ ውሃ አለው፣ ለመብራቱና ለኮምፒውተሩ የሚሆን ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪም አለው፣ እሱ ሲሞት መኪናው በሙሉ ድንጋይ ይሆናል። ዋናው ባትሪ ግን ብዙዎቹ ላይ 400 ቮልት ገደማ ነው። ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ ስታይ እጅህን ሰብስብ። መጀመሪያ ኃይሉ በመመሪያው መሠረት ይቋረጣል፣ ከዚያ የተባለውን ደቂቃ ትጠብቃለህ፣ ካፓሲተሩ ውስጥ ተጠራቅሞ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪፈስ፣ ከዚያ ለክተህ ዜሮ መሆኑን ታያለህ። ጓንቱ ለ1,000 ቮልት የሚሆን የጎማ ጓንት ነው። ከመልበስህ በፊት አፉን ጠቅልለህ አየር ትይዝበታለህ፣ እንደ ፊኛ ካልተወጠረ የመርፌ ቀዳዳ አለውና ትጥለዋለህ። አሁን የሚጀምር ሰው ዕድለኛ ነው ባይ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ሃያ ዓመት የሠራውም አንተም እኩል ጀማሪ ናችሁ። ዲኤክሱ፣ ዶልፊኑና አይሱዙውም ቢሆኑ ነገ ከመንገድ አይጠፉም፣ ካምቢዮና ቴስታታ ማወቅህ ዋጋ አያጣም።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ነገ መልቀቂያ እንዳታስገባ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አንተ ስምንት ዓመት ስለሠራህ ቢያንስ 19 ቀን አለህ፣ የባንክህ የኅብረት ስምምነት ከዚህም በላይ ሊሰጥህ ይችላል። እሱን ሰብስብና ጋራዥ ግባ። ማርቆስ ከሆነ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር ዘመድ ካለህ ባሕር ዳር። «ደመወዝ አልፈልግም፣ ልሥራ» በል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብተህ እስከ ማታ ዋል። ሰኞና ማክሰኞ ደስ ይልሃል፣ እሱን አትመን። ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ፣ እጅህ ተሰነጣጥቆ፣ የዛገ ብሎን ውስጥ ተሰብሮብህ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ያኔ ምን እንደሚሰማህ ጻፍልኝ።

ከዚያ በኋላም ልብህ ካለ፣ ትምህርቱ አለ። ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆቹ አውቶሞቲቭ በደረጃ ያስተምራሉ። የማታ ወይም የቅዳሜና እሁድ ክፍል እንዳላቸው ሄደህ ጠይቅ፣ ባንኩን ሳትለቅ ልትጀምር ትችላለህና። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። ሲኦሲ፣ የብቃት ምዘናው ማለቴ ነው፣ ክፍል ገብቶ ለተማረ ብቻ አይደለም፤ በሥራ ላይ የተማረም ቀርቦ መመዘን ይችላል። የኩባንያ ጋራዦች አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው። ቤተሰብህን ይዘህ ትገባለህ ወይስ ማርቆስ ትተዋቸዋለህ? የቤት ኪራይ ከደመወዙ ይተርፋል ወይ? የመነሻው ደመወዝ አሁን ከምታገኘው ያንሳል ብለህ ተነሳ፣ ካላነሰ እሰየው። ሁለት ዓመት በባለቤትህ ገቢና በቁጠባችሁ መኖር ትችሉ እንደሆነ ማታ ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ በሉ። «እሺ» ማለቷ ቁጥሩን ካየች በኋላ ይሁን።

አንድ ነገር አትርሳ። ባንከር ነህና የሠራተኛ የቤት ወይም የመኪና ብድር ሊኖርብህ ይችላል። ውልህን አውጥተህ አንብብ። ብዙ ባንክ ሠራተኛው ሲለቅ ያንን ዝቅተኛ ወለድ ወደ ገበያው ወለድ ያዞረዋል ወይም ብድሩን ክፈል ይላል። በዚህች አንዲት አንቀጽ ሐሳቡን የሰረዘ ሰው አውቃለሁ። ስትለቅ የሠላሳ ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ስጥ። አዲሱ ቤት ደግሞ የሙከራ ጊዜ አለው፣ እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ ነው፣ በዚያ ውስጥ «አልሆንክልንም» ሊሉህ ይችላሉ።

እናትህ ግን ልክ ናቸው፣ ማለቴ ኩርፊያቸው ይገባኛል። በእኛ አገር ብረት የነካ ሰው «ጠይብ» ተብሎ፣ «ቡዳ» ተብሎ፣ ማረሻውን ሠርቶ ከሰጠው ገበሬ ጋር ማዕድ ሳይቆርስ ኖሯል። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፣ አዋጁ ግን እናቶች ጋ አልደረሰም። በክርክር አታሸንፋቸውም። አንድ ቀን ወንበር አውጥተህ ዲኤክሱ አጠገብ አስቀምጣቸውና ሞተሩ ለምን እንዳልነሳ ለክተህ አሳያቸው። የእኔዋ እናት ቤታቸው ስሄድ የሻይ ማንቆርቆሪያ አሠሩኝና ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት «መሐንዲስ ነው» እያሉ ነው። አላረምኳቸውም።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከፍኖተ ሰላም ነኝ፣ 24 ዓመቴ። በአውቶሞቲቭ ደረጃ 3 ጨርሼ ሲኦሲ አልፌያለሁ። አሁን የባጃጅና የሞተር ሳይክል ጋራዥ ነው የምሠራው። ሦስቱ ወንዶች ሲሠሩ እኔን «ቡና አፍይ» ይሉኛል። ኩባንያ ጋራዥ ላመልክት ብል አንዱ «አንቺ ጎማ ታነሻለሽ? ካምቢዮ ታወርጃለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ጉልበት ይጠይቃል? ባጃጅ ብቻ ነክቼስ ይቀበሉኛል?

መልስ

እህቴ፣ ለሳቀብሽ ሰውዬ እሱ ካምቢዮ ብቻውን የሚያወርድ ከሆነ ወገቡን እንዲታይ ንገሪው። ኩባንያ ጋራዥ ካምቢዮ በጃክ ነው የሚወርደው፣ መኪና በሊፍት ነው የሚነሳው። ጎማ ሲከብድ ሁለት ሰው ይይዛል። ጉልበት ይጠይቃል፣ ግን የሚጠይቀው ዕንስራ ከወንዝ የተሸከመች ሴት ከምታወጣው አይበልጥም።

ባጃጅ መንካትሽን አትናቂው። የ12 ቮልት ጨዋታ ባጃጅም ላይ ያው ነው፣ ቪትዝም ላይ ያው ነው። ቮልት የሚለካ ቴስተር ግዢ፣ የራስሽ ይሁን። ደህና ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ነው፣ ሞተሩ ሲነሳ 14 አካባቢ ካልደረሰ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ከዚያ ወደሚከብደው ግቢ። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ፖዘቲቭ ያለውን ልዩነት ለኪ። ግማሽ ቮልት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከጠፋ ገመዱ ወይም ማያያዣው እየበላው ነው፣ ሞተሪኖው ንጹሕ ነው። ይሄን ሳይለካ ሞተሪኖ ያወረደ ስንት ሰው አለ፣ ከላይ ከባንክ የጻፈልኝን ወንድምሽን ጨምሮ ይሆናል።

የምትሠሪውን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊ። ደንበኛው ምን አለ፣ ምን ለካሽ፣ ምን አገኘሽ፣ ምን ተደረገ። ሠላሳ አርባ ሥራ ሲሞላ ለቃለ መጠይቅ ይዘሽው ሂጂ። እኔ ሰው ስመርጥ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ የመጣ አንድም ሰው አላየሁም፣ ባይ ኖሮ የምስክር ወረቀቱን ሳልጠይቅ እቀጥረው ነበር። ቡናውን በተመለከተ፦ በተራ ይሁን በያቸው። ያንቺ ተራ ሲሆን አፍይ፣ ተራሽ ካልሆነ ቴስተርሽን ያዢ።

ጥያቄ

ወንድሜ፣ እኔ የቡሬ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አይሱዙ ኤንፒአር ነድቻለሁ፣ ጤፍ ጭኜ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ልጄ አምና ኩባንያ ጋራዥ ተቀጠረልኝ፣ ደስ ብሎኛል። አሁን ግን በደወለ ቁጥር «አባዬ የፍሬን ዘይት ቀይር፣ ሁለት ዓመት አልፎታል» እያለ አስቸገረኝ። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ አይፈስም። ፍሬኑም ይይዛል። እነዚህ ኩባንያዎች ልጄን ሽያጭ አስተማሩት ወይስ እውነቱን ነው?

መልስ

ጋሼ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። የፍሬን ዘይት አይጎድል እንጂ ያረጃል። እርጥበት ከአየር ይጠጣል፣ ታንከሩ ቢዘጋም በጎማ ቱቦው በኩል ቀስ እያለ ይገባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ደረጃው ራሱ የሚፈቅደው እስከ 140 ድረስ መውረድ ነው። ቡሬና ደምበጫ መሃል ይሄ አይታወቅዎትም። ደጀን ላይ ጤፍ እንደጫኑ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ግን ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁለት ነው፣ ፍሬኑን እየረገጡ ከወረዱ ከበሮው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይደርሳል፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ እንፋሎት ይሆናል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ እንፋሎት ይታመቃል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ወለሉ ድረስ ይገባል። ደጀን ላይ የያዘው ፍሬን ድልድዩ ጋ አይገኝም ማለት ነው።

እርስዎ እስካሁን በሰላም የወረዱት ሹፌር ስለሆኑ ነው። በሚወጡበት ማርሽ ነው የሚወርዱት፣ የጭስ ፍሬኑን ይጠቀማሉ፣ አይደል? እሱን አይተዉ። ዘይቱን ግን ያስቀይሩ። ሲያስቀይሩ አሮጌውን በነጭ ብርጭቆ አድርጎ እንዲያሳይዎ ይንገሩት፣ እንደ ጠላ ጠቁሮ ያገኙታል። ልጅዎ ለዓመት ፈቃድ ሲመጣ ራሱ ይቀይርልዎ፣ እርስዎ ፔዳሉን ይረግጡለታል፣ እሱ ከሥር አየሩን ያስወጣል። የእጁን ዋጋ ግን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይክፈሉት፣ እምቢ ቢልም ኪሱ ይክተቱለት።